የስፒሪትቦክስ «ኢተርናል ብሉ»፦ የሁለት ሰዎች አልበም ነው ብዬ እከራከራለሁ

የሌሊት_ፈረቃ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አልበማቸው «ሱናሚ ሲ» እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣ ወዲህ እዚህ ስለ ስፒሪትቦክስ የሚያወራ ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። ግን ብዙው ሰው ከመሃል የገባ ነው። የመጀመሪያውን አልበም፣ «ኢተርናል ብሉ»ን፣ «ሰምቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለኔ ካለፉት ዓመታት የሜታልኮር (ከሀርድኮር ፓንክና ከሜታል የተወለደ ከባድ ሙዚቃ) አልበሞች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት እሱ ስለሆነ ቁጭ ብለን እናውራበት።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ኮርትኒ ላፕላንት ድምፃዊቷ፣ ማይክ ስትሪንገር ጊታሪስቱ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ከዚህ በፊት ሁለቱም «አይ ሬስልድ ኤ ቤር ዋንስ» በሚባል የአሜሪካ ባንድ ውስጥ ነበሩ። እሷ በ2012 ባንዱ ለኮንሰርት እየዞረ ሳለ የቀድሞዋን ድምፃዊት ተክታ ነው የገባችው። የሌላ ሰው ቦታ ላይ፣ የሌላ ሰው ደጋፊ ፊት መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ከዚያ ባንድ ወጥተው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ደሴት ላይ ያለችው ቪክቶሪያ ከተማ ውስጥ ሁለት ሆነው ከባዶ ጀመሩ። የመጀመሪያው አጭር ሥራቸው በ2017 ወጣ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ነጠላ ዘፈን እየለቀቁ ቆዩ። በጁላይ 2020 «ሆሊ ሮለር» ሲወጣ ነው ነገሩ የተቀየረው። በሲሪየስኤክስኤም ሬዲዮ የሜታል ጣቢያ ላይ ለተከታታይ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

አልበሙ በወረርሽኙ ምክንያት ዘግይቶ ካሊፎርኒያ፣ ጆሹዋ ትሪ በረሃ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ከዳን ብራውንስታይን ጋር ተቀዳ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 በራይዝ ሬከርድስ በኩል ወጣና የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ በሆነው ቢልቦርድ 200 ላይ 13ኛ ሆኖ ገባ። ለመጀመሪያ አልበም፣ ያውም ግማሹ ስክሪም (ሻካራ የጩኸት ድምፅ) ለሆነ አልበም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ። ብዙ የሜታልኮር አልበም ስሰማ ጊታሩ ሁሉንም ቦታ ይዞ ድምፃዊው በተረፈው ቀዳዳ ውስጥ ሲታገል ነው የሚሰማኝ። እዚህ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። «ሰን ኪለር»ን ክፈቱት። ጊታሩ በትክክል እስኪመጣ ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ተከታተሉ። ማይክ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። እሷም መጨረሻ ላይ ስክሪሟን ስታመጣ ጊታሩ መሬቱን አንጥፎ ስለጠበቃት ነው እንደዚያ የሚከብደው። ይህ መተማመን የሚመጣው ለዓመታት አብረው ከሠሩ፣ አብረው ከወደቁ ሰዎች ነው። የባንዱ አባላት አራት ቢሆኑም አልበሙ የሁለት ሰዎች ንግግር ነው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

አሮጌ_ካሴት

ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል ወንድሜ፣ ግን አልስማማም።

እኔ ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት በኮንቨርጅ «ጄን ዶ» (2001) እና በኪልስዊች ኢንጌጅ «አላይቭ ኦር ጀስት ብሪዲንግ» (2002) ነው። ሁለቱም ከማሳቹሴትስ የወጡ ባንዶች ናቸው። የአንዱ ሥራ እንደተቀደደ ነገር ሻካራ፣ የሌላው ዜማ ያለው፤ ግን በሁለቱም ውስጥ ሰው አለ። ከበሮ መቺው ሲደክም ይሰማሃል። ሜታልኮር ሀርድኮር ፓንክና ሜታል ተጋጭተው የወለዱት ነው፤ ግጭቱ ካልተሰማ ምኑን ሜታልኮር ሆነ?

«ኢተርናል ብሉ» ላይ ሁሉም ነገር ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሏል። ከበሮው አንድም ቦታ አይሳሳትም። «ሆሊ ሮለር»ና «ሲልክ ኢን ዘ ስትሪንግስ» ይነክሳሉ፤ ይህን አልክድም። «ዘ ሰሚት»ን ግን ሬዲዮ ላይ ከፖፕ ዘፈን ቀጥሎ ቢያሰሙህ ልዩነቱን አትለይም። ድምፃዊቷ ትልቅ ችሎታ አላት፤ አልበሙ ግን ከችሎታዋ ያነሰ አደጋ ነው የወሰደው።

ክራር_እና_ጌይን

አሮጌ_ካሴት፣ የከበሮውን ነገር በከፊል እጋራሃለሁ። የቀረውን ግን በጊታሪስት ጆሮ ልመልስልህ፤ የሌሊት_ፈረቃ «አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል» ያለው ነገር ስሜት ብቻ አይደለም፣ በድምፅ ሳይንስ የሚታይ ነው።

በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር ወደ 82 ኸርዝ (በሴኮንድ 82 ጊዜ) ይንቀጠቀጣል። ማይክ ስትሪንገር ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው። ጊታሩ ዝቅ ባለ ቁጥር የመሃሉን ክልል እየለቀቀ ይሄዳል። የኮርትኒ ክሊን (ያልሻከረ፣ ተራ የዘፈን) ድምፅ ደግሞ የሚያርፈው እዚያው መሃል ላይና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እሷ ስትዘፍን ከጊታሩ ጋር አትጋፋም። አብዛኛው ባንድ ዝቅ ብሎ ይቃኝና ባዶ የቀረውን መሃል በሁለተኛና በሦስተኛ ጊታር ይሞላዋል። ማይክ ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ይተወዋል፤ ወይም በጣም ከፍ ያለ፣ እንደ ጭጋግ የሚንሳፈፍ የሲንቴሳይዘር ድምፅ ያኖርበታል።

«ሃርት ዩ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ስንኙ ላይ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ይመታል፣ ይቆማል፤ ይመታል፣ ይቆማል። እነዚያን ማቆሚያዎች ቁጠሯቸው። የእሷ ቃላት እግራቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ነው። ይህን ከመጻፍ ዝም ብሎ ፈጣን ሪፍ መጻፍ በጣም ይቀላል። ጊታር ተጫዋች ሆኖ ጣቱን መቆጣጠር የሚችል ብዙ ነው፤ እጁን ማንሳት የሚችል ግን ጥቂት።

ቤዙን_ከፍ_አርጉት

ክራር_እና_ጌይን ያለው ትክክል ነው፤ ግን ሳያስበው የኔን ነጥብ አግዞልኛል።

ጊታሩ ያን ያህል ሲወርድ የሚገባው የቤዝ ጊታር ቤት ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ሰፈር ሲገናኙ ወይ ይደበላለቃሉ፣ ወይ አንዱ ባሕርዩን ይለውጣል። «ኢተርናል ብሉ» ላይ ቤዙ ብዙ ጊዜ ሻካራና የሚያንጎራጉር ሆኖ የጊታሩን ጠርዝ የሚሰጠው እሱ ነው። ያን የተጫወተው ቢል ክሩክ ነው። በመድረክ ላይም ከኮርትኒ ኋላ ሆኖ ይዘፍን ነበር። በ2022 ከባንዱ ወጣ፣ በ2024 ደግሞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ነፍሱን ይማር።

ከበሮውን የያዘው ዜቭ ሮዝ ነው። «የሁለት ሰዎች አልበም» ስንል እነዚህን ሰዎች ከፎቶው ቆርጠን እንዳናወጣቸው እፈራለሁ። ባልና ሚስት መሆናቸው ጥሩ ታሪክ ስለሆነ ጋዜጠኞችም እሱን ይወዱታል፤ እኛ ግን እንደ አድማጭ የምንሰማውን እንመስክር። ብራውንስታይንም አለ። የዚህ አልበም ድምፅ ግማሹ የሱ እጅ ነው።

የሌሊት_ፈረቃ

ቤዙን_ከፍ_አርጉት፣ ስለ ቢል ስላነሳህ አመሰግናለሁ። እሱን የዘነጋ የዚህ አልበም ወዳጅ አይደለም። «ሃልሲየን» መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ነገር ሲወድቅ ከሥር የሚይዘው ቤዙ ነው፤ በጥሩ ድምፅ ማጉያ የሰማው ያውቀዋል።

«የሁለት ሰዎች» ስል የደመወዝ መዝገብ እየቆጠርኩ አይደለም። አልበሙ የተሠራበትን ሐሳብ ነው የምለው። አንድ ሰው የሚያዋቅር፣ አንድ ሰው የሚናገር፤ ሁለቱም የቀድሞው ባንዳቸው ሲያበቃ «አሁንስ ማን ነን?» ብለው ጠይቀው መልሱን እየፈለጉ ያሉ። «ሰርክል ዊዝ ሚ» ውስጥ ያለውን ራስን የመጠራጠር ነገር ከዚህ ለይቼ ልሰማው አልችልም። የራሷ ድምፅ ራሷን ሲከራከር ትሰማለህ። ክሊን ሆና ትጀምራለች፣ ቀስ በቀስ ትጠነክራለች፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው የሆነች እስኪመስል ስክሪሙ ይገባል። ጊታሩ ደግሞ እርምጃ በእርምጃ ይከተላታል፤ አይቀድማትም።

አሮጌ_ካሴት፣ ስለ «ዘ ሰሚት» ያልከው ላይ አንድ ነገር ልበል። ከፖፕ ጋር ይመሳሰላል፤ ይመሳሰል። ከሱ በፊት ያለው «የሎጃኬት» የአርኪቴክትስ ባንድ ድምፃዊ ሳም ካርተር የገባበት፣ ከአልበሙ ጨካኝ ዘፈኖች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲያው በሩ ተከፍቶ ንጹህ አየር ይገባል። ሁለቱ ተያይዘው ካልተሰሙ የአንዱም ጉልበት አይታወቅም።

ገና_ጀማሪ

ሰላም፣ ለዚህ ሙዚቃ አዲስ ነኝ። አዲስ አበባ ሆኜ በዩቲዩብ ነው ያገኘኋቸው። ስለ ኸርዝ ያወራችሁት ብዙ አልገባኝም፣ ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ያ ስክሪም ጉሮሮዋን አይጎዳትም? «ሰርክል ዊዝ ሚ»ን በአንድ ቅጂ ስትዘፍን የሚያሳየውን ቪዲዮ አይቼ ነው። ቆማ፣ ሳትወራጭ፣ ፊቷ እንኳን ብዙ ሳይለወጥ ያ ድምፅ ይወጣል። የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው?

የመዘምራን_ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ያደግሁት መዝሙር ቤት ውስጥ ነው፤ አሁን ለወጣቶች የድምፅ ልምምድ አስተምራለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል።

የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ጉሮሯችን ውስጥ ስንናገርና ስንዘፍን የሚንቀጠቀጡት እውነተኛዎቹ የድምፅ አውታሮች አሉ። ከነሱ በላይ ደግሞ ሌላ ጥንድ የሥጋ እጥፋት አለ፤ የሐሰት አውታር ይባላሉ። ስንውጥ አየር መንገዱን ለመዝጋት ያግዛሉ እንጂ በተለመደው ንግግር ላይ ድርሻቸው ትንሽ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ብዙ ድምፃውያን ሻካራውን ድምፅ የሚያወጡት እነዚህን የላይኞቹን እጥፋቶች በተመጠነ አየር በማንቀጥቀጥ ነው። በትክክል ሲሠራ የታችኞቹ አውታሮች እርስ በርስ አይጋጩም። ጉዳት የሚመጣው ሰው ሳይማር ጉሮሮውን አንቆ ሲጮህ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጥሩ ስክሪም ስትሰሚው ከሚመስልሽ በጣም ያነሰ ነው ጩኸቱ። ማይክሮፎኑ ነው የሚያገዝፈው። ጉልበቱ ከሆድ፣ ከትንፋሽ ድጋፍ ነው የሚመጣው። አንገቷ ላይ ጅማት ተገትሮ ያላየሽው ለዚህ ነው፤ ዘና ማለቷ የችሎታዋ ምልክት ነው።

በኮርትኒ ላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ስክሪሙ ብቻ አይደለም። በስክሪሙ ውስጥ ቃላቱ ይሰማሉ። ተነባቢዎቹን አትውጣቸውም። ከክሊን ወደ ስክሪም ስትሻገር ደግሞ እረፍት አትወስድም፤ በአንድ ትንፋሽ መሃል ትቀይራለች። ተማሪዎቼ ከአንዱ የድምፅ ክልል ወደ ሌላው ያለ ስንጥቅ እንዲሻገሩ ለማድረግ ወራት ይፈጃል። እሷ ከዚያ የራቀ ድልድይ ነው የምትሻገረው።

ለራስሽ መሞከር ከፈለግሽ ከሚያውቅ ሰው ጋር ጀምሪ፤ ካመመሽ ወዲያው አቁሚ። ሕመም የዚህ ሙያ አካል ነው የሚልሽን አትስሚ።

ክራር_እና_ጌይን

የመዘምራን_ልጅ፣ ይህን የመሰለ ማብራሪያ እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ አላውቅም። እግዜር ይስጥሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ በሠርግ ላይ ፉከራ ሲያሰማ የነበረውን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ከደረቱ የሚወጣ፣ የሚሻክር፣ ግን ቃሉ አንድም የማይጠፋ። ሰው ሻካራ ድምፅ ሙዚቃ አይደለም ሲለኝ እሱን ነው የማስበው። ቀረርቶና ፉከራ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ለዚህ ድምፅ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

የዲሲ_ምሽት

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ስለ «ኮንስታንስ» ማንም ስላላነሳ ግን ዛሬ ልጻፍ።

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ነው፤ ለብቻው ግን ቀደም ብሎ፣ በ2020 መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። ኮርትኒ ለአያቷ መታሰቢያ ያደረገችው ነው። ቪዲዮው የማስታወስ ችሎታዋ እየጠፋ ስላለች አሮጊት ነው።

እኔ ያደግኩት አያቴ እጅ ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ በስልክ ስንነጋገር መጀመሪያ ስሜን ከእናቴ ስም ጋር ታቀያይረው ነበር። ቀጥሎ እኔ ማን እንደሆንኩ ትጠይቀኝ ጀመር። እኔም በየጊዜው ራሴን አስተዋውቃት ነበር። ያረፈችው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ ቤት መጥቶ ነው የሚያረዳው። እኔን ማንም ሊያረዳኝ ሊመጣ አልቻለም። ስልክ ተደወለ፤ በቃ። ለቅሶም አልደረስኩ፣ አርባዋም ላይ አልነበርኩ።

«ኮንስታንስ»ን ያኔ አላውቀውም ነበር። አልበሙ ሲወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየሰማሁ መጣሁና እሱ ላይ ደረስኩ። አሥራ አንድ ዘፈን ሙሉ ስትታገል የነበረች ሴት መጨረሻ ላይ ትግሉን አስቀምጣ ታለቅሳለች። በዚያ ቀን ነው እኔም አያቴን በደንብ ያለቀስኳት።

የሌሊት_ፈረቃ፣ አልበሙ የሁለት ሰዎች ንግግር ነው ያልከው እዚህ ዘፈን ላይ በደንብ ይሰማኛል። ጊታሩ ምንም አያረጋጋትም፣ «ይለፍልሽ» አይላትም። አጠገቧ ይቀመጣል። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ገና_ጀማሪ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ።

ቤዙን_ከፍ_አርጉት

እግዜር ያጽናሽ። ይህን ስለጻፍሽልን ከልብ አመሰግናለሁ።

አሮጌ_ካሴት

የዲሲ_ምሽት፣ ነፍስ ይማር። እናቴም በዚያው በሽታ ውስጥ ስላለች የጻፍሽው ገብቶኛል።

ዘፈኑን አሁን ደግሜ ሰማሁት። እዚህ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። ከሞላ ጎደል ሙሉውን በክሊን ድምፅ ነው የያዘችው፤ ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው። የሜታልኮር ባንድ አልበሙን በትልቅ ብሬክዳውን (ዝግ ብሎ በከባድ ምት በሚመታ ክፍል) መዝጋት ይቀለዋል፤ ሰውም የሚጠብቀው ያንን ነው። እነሱ አላደረጉትም።

አሁንም የማልቀበለው የአልበሙን መሃል ነው። «ሆሊ ሮለር» ሰባተኛ ላይ ተቀምጧል። አንድም ክሊን አዝማች የሌለበት ብቸኛ ዓይነት ፍጥረት ነው፤ በዙሪያው ካሉት ጋር አይዛመድም። ከሱ ቀጥሎ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ይመጣል፤ ከዚያ «ዊ ሊቭ ኢን ኤ ስትሬንጅ ወርልድ»። ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። ከ«ሆሊ ሮለር» በኋላ ኃይሉ ይወርድና «ሃልሲየን» እስኪመጣ ድረስ አይነሳም። እንደኔ ቢሆን «ሆሊ ሮለር»ን ጨርሶ ከአልበሙ አስወጣው ነበር። «ብለስድ ቢ»ና «ሩል ኦፍ ናይንስ»ን በነጠላ ብቻ ትተዋቸው የለም? እሱንም መተው ይችሉ ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ

ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ በደንብ ልመልስልህ።

«ሆሊ ሮለር»ን ማስወጣት ከንግድ አንጻር አይታሰብም፤ ያንን ለጊዜው እንተወው። ሙዚቃውን ብቻ ብናይ እንኳን ቦታው ትክክል ነው እላለሁ። ስድስተኛው «ሲልክ ኢን ዘ ስትሪንግስ»፣ ሰባተኛው «ሆሊ ሮለር»፤ ሁለቱ ከባድ ዘፈኖች ተያይዘው የአልበሙ ወገብ ላይ ነው የተቀመጡት። ከዚያ በፊት ያለው «ሲክሬት ጋርደን» ብርሃን ያለበት ነው። ስለዚህ አልበሙ ከብርሃን ወደ ጨለማ ይገባና ከጨለማው ሲወጣ የተለየ ቦታ ላይ ነው የሚወጣው። ቀዝቃዛ ያልካቸው ሁለቱ ዘፈኖች ያ የተለየ ቦታ ናቸው። ከቁጣ በኋላ ያለው ድካም ነው። ቁጣ የሚሸጥ ባንድ ሞልቷል፤ ከቁጣ በኋላ ስላለው ባዶነት የሚዘፍን ግን ያን ያህል የለም።

«ዊ ሊቭ ኢን ኤ ስትሬንጅ ወርልድ» ላይ ማይክ ጊታሪስት መሆኑን እስክትረሳ ድረስ ኋላ ይሄዳል። የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ነው የበዛበት። ለኔ ይህ ዘፈን ባይኖር «ሃልሲየን» እንደዚያ አይከፈትም ነበር። «ሃልሲየን»ን ወድደኸዋል፤ እንግዲህ መንገዱንም ጭምር ነው የወደድከው።

ክራር_እና_ጌይን

ሁለታችሁም ይህን ያህል ከጻፋችሁ እኔም ሌላ ነገር ላንሳ፤ እኛን ራሳችንን የሚመለከት።

እኛ ጋር ከባድ ሙዚቃ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጃኖ ባንድን ነው የሚጠራው። በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ፣ ያውም ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ ብዙዎቻችን በሩ ተከፈተ ብለን ነበር። ግን ጃኖ ትልቅ ባንድ ነው፤ ብዙ ድምፃዊ፣ ብዙ መሣሪያ። ልጆች ያንን አይተው «እኛ ይህን ያህል ሰው ከየት እናመጣለን?» ብለው ይተዉታል። የመለማመጃ ክፍል ኪራዩም፣ ከበሮ ይዞ መንቀሳቀሱም ከባድ ነው፤ ጎረቤቱም አለ።

የስፒሪትቦክስ መንገድ ለዚህ ነው የሚያጓጓኝ። ሁለት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ማይክሮፎን። ከበሮውን መጀመሪያ በፕሮግራም ትጽፈዋለህ፤ ሰው ሲገኝ ሰው ይመታዋል። አልበም እስኪሞላ አትጠብቅም፤ አንድ ዘፈን ሠርተህ ትለቃለህ፣ ሌላ ትሠራለህ። እነሱ ከ2017 እስከ 2021 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስህተታቸውን በአደባባይ እያረሙ ነው ያደጉት። አልበሙ ሲወጣ አድማጩ ዝግጁ ነበር።

ከዚህ በላይ የማስበው ደግሞ ዜማውን ነው። በባቲ ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ፣ እንደዚያ ዝቅ ብሎ በተቃኘ ጊታር፣ ቦታ እየተለቀቀለት የሚዘፍን ድምፅ ቢገኝ! አንቺ ሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ ርቀቶች ሜታል ሪፍ ለመጻፍ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ቤት ውስጥ እየሞከርኩ ነው፤ ሪፉ ይመጣል፣ ጽሑፉ ግን ያቅተኛል። አማርኛ ድርብ ፊደሉ ጠንካራ ስለሆነ ስክሪም ላይ በደንብ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ።

የመዘምራን_ልጅ

ይቀመጣል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የሚባሉት ፈንጂ ድምፆች በሻካራ ድምፅ ሲባሉ በጣም ነው የሚጠሩት፤ ተማሪዎቼ ላይ አይቼዋለሁ። ጽሑፉን በተመለከተ ግን ምክሬ አንድ ነው፤ ከእንግሊዝኛው አትነሳ። ሙሾ ስማ። አልቃሿ አንዷን መስመር ጥላ ለቀስተኛው እስኪመልስላት ምን ያህል እንደምትጠብቅ ተመልከት። የሌሊት_ፈረቃ ስለ ጊታሩ መጠበቅ የጻፈው እዚያ አለልህ።

የዲሲ_ምሽት

ክራር_እና_ጌይን፣ የሠራኸውን ሪፍ እዚህ ብትጭነው የሚሰማህ ሰው አለ። እኔ ግጥም እሞክራለሁ፤ ለሰው አሳይቼ ግን አላውቅም።

ክራር_እና_ጌይን

ነገ ማታ እጭነዋለሁ። ግጥምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አጭርም ቢሆን።

አሮጌ_ካሴት

አልበሙን ዛሬ ከሥራ ስመለስ በቅደም ተከተሉ፣ ሳላቋርጥ ሰማሁት። የሌሊት_ፈረቃ፣ ከ«ሆሊ ሮለር» በኋላ ያለውን ድካም ያልከው ነገር አሁን ይሰማኛል፤ «ዊ ሊቭ ኢን ኤ ስትሬንጅ ወርልድ»ን ከዚህ በኋላ አልዘለውም። «ዘ ሰሚት» ግን አሁንም ለኔ አይደለም። የከበሮውም ሚክስ ላይ እንደ ጸናሁ ነው። ዜቭ ሮዝን በመድረክ ቪዲዮ ላይ አየሁት፤ ሰውየው ሲመታ ከአልበሙ በጣም የበለጠ ሕይወት አለው። ያንን ለምን እንዳልቀዱት ልረዳ አልችልም።

የሌሊት_ፈረቃ

በመድረክ ላይ የበለጠ ሕይወት አለው ያልከው ላይ እስማማለሁ። በ2022 ከአንደርኦዝ ባንድ ጋር ሲዞሩ የተቀረጹትን ፈልግና «ሃርት ዩ»ን ከአልበሙ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ስማው። የመድረኩ ከበሮ ከአልበሙ የሚለይበትን ቦታ ጻፍልን፤ እኔም ይዤ እጠብቅሃለሁ።